«ቻይው» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ዓርብ ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን የአንዲት ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ አጫወተችን። በሦስት ኦሎምፒክ ተከታትላ ሁለተኛ ወጥታ በአራተኛው ወርቅ ያገኘች ሴት ናት። ስትጨርስ «አያችሁ፣ የቻለ ያገኛል። እናንተም ቻሉት» አለችን። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ማታ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ። ስልኬን ከፍቼ ስለ ሴትየዋ ማንበብ ጀመርኩ። ይህን የምጽፈው ከእህታችን ጋር ለመጣላት አይደለም። ታሪኩ እውነት ነው። ከታሪኩ ባወጣነው ምክር ግን አልስማማም።

ሴትየዋ ካትሪን ግሬንጀር ትባላለች። የስኮትላንድ ልጅ ናት፣ የተወዳደረችው ለብሪታንያ ነው። ቀዘፋ የጀመረችው በፈረንጆቹ 1993 ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ልትማር ገብታ ነው። በ2000 ሲድኒ ላይ ብር አገኘች። በ2004 አቴንስ ላይ አሁንም ብር። በ2008 ቤጂንግ ላይ እሷና ሦስት ጓደኞቿ ሲመሩ ቆይተው መጨረሻው ላይ የቻይና ልጆች ቀደሟቸው። ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ ሆኖ አለቀሱ። ወርቁን ያገኘችው በ2012 ለንደን ላይ፣ ከአና ዋትኪንስ ጋር ሁለት ሆነው በቀዘፉት ጀልባ ነው።

ቀኑን ሳይ ደነገጥኩ። በእኛ ሐምሌ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው። ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈችበት ቀን! ያን ማታ እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ተሰብስቦ እልል ብለናል። በዚያው ቀን፣ እዚያው አገር፣ ይቺም ሴት ወርቋን ወስዳ ነበር። እኛ ስለ ጀልባ ውድድር ምን እናውቃለን!

እኔ የማውቀው የጣና ታንኳ ነው። የታንኳ ቀዛፊ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀዝፈው። እነሱ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚሄዱት፣ መጨረሻው አይታያቸውም። ርቀቱ 2000 ሜትር ነው፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የተቀመጡበት ወንበር ይንሸራተታል። በእግራቸው ገፍተው መቅዘፊያውን በኃይል ይስቡታል። ከዚያ ከውሃ አውጥተው፣ ወንበራቸውን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው እየመለሱ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ያቺ ትንሽ ጊዜ እረፍት ናት። የሚገርመው፣ ጀልባው በጣም የሚፈጥነው በዚያች ሰዓት ነው! ቸኩለው እረፍቷን ከዘለሏት ጀልባው ይዘገያል።

ይህን ሳነብ እኛ ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው የሰማነው አልኩ። የሚስቡትን ሰማን፣ የሚያርፉትን አልሰማንም። ካትሪን ወርቁን ካገኘች በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከውድድር ወጣች። በ2013 ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ በሕግ ዶክትሬቷን ጨረሰች። ልመለስ ወይስ ልተወው የሚለውን የወሰነችው ራሷ ናት። በ2014 ተመለሰች፣ በ2016 ሪዮ ላይ በ40 ዓመቷ ከቪክቶሪያ ቶርንሊ ጋር አምስተኛ ሜዳሊያዋን፣ እንደገና ብር፣ ወሰደች። አሰልጣኝ ነበራት፣ ሐኪም ነበራት፣ አብራት የምትቀዝፍ ጓደኛ ነበረቻት። ፓስፖርቷ በሰው መሳቢያ ውስጥ አልተቆለፈም። የእሷ መቻል እንዲህ ነው። እኛ «ቻይው» የምንለው ሌላ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ኩዌት መጥቼ በገባሁበት የመጀመሪያ ቤት አንድ ዓመት ከሰባት ወር አንድም ቀን አላረፍኩም። አንድ ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ልብስ ስተኩስ እንቅልፍ ወስዶኝ ካውያው እጄ ላይ አረፈ። ጠባሳው አሁንም አለ። ለአንዲት የአገሬ ልጅ ደወልኩላት። «ቻይው፣ ሁሉም ያልፋል» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፣ እሷንም እንደዚያ ነበር ያሏት።

የሚያሳዝነው ግን ይህ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ ቁጥሬን ከሰው አግኝታ ደወለችልኝ። በደንብ ሳልሰማት «ቻይው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። እኔ ስደውል ስልኳ አይሠራም። የት እንዳለች አላውቅም።

አንዳንዶቻችሁ «እሷ ፈረንጅ ናት፣ ደጋፊ አላት። እኛ ካልቻልን እናታችንን ማን ይጦራል?» ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔም የምልከው ብር ነው ሁለት ወንድሞቼን የሚያስተምረው። ሥራችሁን ጥላችሁ ውጡ አላልኩም። ግን እረፍት ቅንጦት አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ቁጥር 189 ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይገባል ይላል። እዚህ ኩዌትም በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ የሳምንት የእረፍት ቀን አስቀምጧል። «ማዳሜ ይህን መች ትሰማለች» ትሉ ይሆናል። አውቃለሁ፣ የኔዋም ቶሎ አልሰማችም። ግን እኛው እርስ በርሳችን አለማረፍን ጉብዝና ካልነው፣ ማዳም ምን ብላ ትሰጠናለች?

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። እህት ስትደውል «ቻይው» ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃት። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? መጨረሻ ያረፍሽው መቼ ነው? እህል ቀምሰሻል? መልሷን ደብተር ላይ እንጻፈው፣ በሳምንቱም ደግመን እንደውልላት። መመታት ወይም ደመወዝ መከልከል ካለ «ሆድ ይፍጀው» አንበል፣ ዓርብን ሳንጠብቅ ለኮሚቴው እንንገር። ይህ ገንዘብ አያስወጣንም።

ያቺን ቀዛፊ የነገረችን እህቴ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ባትነግሪን ኖሮ ይህን ሁሉ አላስብም ነበር። ያቺ የደወለችልኝ ልጅ ደግሞ ምናልባት ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ፣ ቁጥሬ ያው ነው። ደውይልኝ። በዚህኛው ጊዜ እሰማሻለሁ።

ቸር ያሰማን።
እህታችሁ