ጀብራና ጅብራ

አማርኛ በመማር ላይ የሚገኙ አንባቢዎቻችን ክረምትን የብርድ ወራት ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በአገራችን ክረምት የዝናም ወራት ነው፤ ውርጩ የሚጸናው ግን በበጋ፥ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሮቤል ተክለ ማርያም በየካቲት 1998 ዓ.ም. በኢጣልያ ቱሪን፥ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ ቫንኩቨር በበረዶ ሸርተቴ ለኢትዮጵያ የተወዳደረበት «የክረምት ኦሊምፒክ» በእኛ አቈጣጠር በበጋ የዋለ ነበር።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው በካርቱም፥ ጀብራ በተባለው ሰፈር ነበር። ልጆቻችን ውድድሩን በቴሌቪዥን አይተው በረዶ ካላሳያችሁን አሉ። በጥር 2003 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር በገባን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ደረስን፤ በዚያም መሪና ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ተሰጠን፥ ለጓዛችንም በቅሎ ተከራይተን ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ገባን።

ሳንቃ በር በድንኳን አድረን ስንነሣ ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር። ትንሹ ልጃችን «በረዶ!» ብሎ ጮኸ። መሪያችን ግን «አመዳይ ነው፥ ልጄ» ብለው አረሙት። እውነትም በረዶ ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ ሌሊት በሣር ላይ የሚነጣው አመዳይ ይባላል፥ ቡቃያን የሚያቃጥለው ብርድ ደግሞ ውርጭ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ብቅ ብቅ እያሉ ወጥተው ሣሩን በጣታቸው ይነጩ ጀመር። እንዳናሯሩጣቸው ተነግሮን ስለ ነበር ተቀምጠን አየናቸው። ሸርተቴ ቢኖረን ኖሮ ይህን ሁሉ ባለፍነው ነበር።

በማግሥቱ ግጭ በተባለው፥ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ተክል ብቻ ብቻውን ቆሞ አገኘን፤ ጅብራ ነው። ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከውርጭ ይጠብቃል፤ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይደርቃል። ልጁ፥ «አባባ፥ የሰፈራችን ስም ከዚህ ነው የመጣው?» ሲል ጠየቀን። ያኛው የዐረቦች ስም ነው፥ ዝምድና የለውም አልነው። ነገር ግን አንድ አነጋገር አስተማርነው፤ መቀመጥ ወይም ማለፍ ሲገባው ዝም ብሎ የቆመ ሰው «እንደ ጅብራ ተገተረ» ይባላል። ባለሥልጣኖቻችን ይህን በቢሮ ለባለ ጉዳይ እንዳይናገሩት እንለምናለን፤ ስድብ ነውና።

ጨነቅ ስንደርስ ከስሜን በቀር በዱር የትም የማይገኘውን ዋልያ ከገደሉ አፋፍ አየን። ልጁ ግን ከዚያ ሁሉ ይዞ የተመለሰው ጅብራን ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። እኛም እንደ ብዙዎቹ ጐረቤቶቻችን የቻልነውን ይዘን በገዳሪፍ መንገድ መተማ ደረስን። በፀሐይ ላይ ሰልፍ ይዘን ስንጠብቅ ያ ልጅ፥ አሁን ከእኛ በቁመት የሚበልጠው፥ ሁለት ሻንጣ እንደ ያዘ፥ «አባባ፥ ከጀብራ ወጥተን እንደ ጅብራ ተገተርን» አለን። ከፊታችን የነበሩት እናት እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ፤ ቀጥሎም በካርቱም ላደገ ልጅ ይህን አማርኛ ማን እንዳስተማረው ጠየቁን።