የተሰነጠቀ የማርሽ ቤት፤ ይበየድ ወይስ ይለወጥ?

በሥራ ሜዳዎቻችን «ቦብካት» እየተባለ የሚጠራው ትንሽ የጭነት ማሽን ጎማዎቹ እንደ መኪና ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይጠመዘዙም። የሚዞረው የአንዱ ወገን ጎማዎች ፈጥነው፣ የሌላው ወገን ዘግይተው ወይም ወደ ኋላ ዞረው መሬቱን እየፋቁ ነው። በዚህም ጊዜ የጎኑ ግፊት አክስሉን በተሸከመው የማርሽ ቤት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቤቱ በድንጋያማ ሥፍራ ቢሰነጠቅ አያስደንቅም።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲገዛ ዋጋው ከፍ ብሏል። ባለንብረቱም የባንክ ዕዳ እያሳሰበው ማሽኑን ያለ ሥራ ማቆም አይወድምና ወደ በያጅ ይሮጣል። ችግሩ እውነተኛ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ብየዳ ሁሉ አንድ አይደለም። ስንጥቁ ከኩሽኔታው መቀመጫና ከብሎን ቀዳዳዎች የራቀ እንደ ሆነ ብልህ በያጅ ሊያድነው ይችላል። መቀመጫውን የነካ እንደ ሆነ ግን የብየዳው ሙቀት ቅርጹን ያጣምመዋል፤ አክስሉ ከመሥመሩ ይወጣል፤ ዘይት ይፈሳል፤ የብረት ብናኝም ኩሽኔታውንና ማርሹን ይበላል። ያን ጊዜ ባለንብረቱ አንዱን ዕቃ ላለመግዛት ሲል ሦስትና አራት ዕቃ ለመግዛት ይገደዳል። ቤቱ ቀልጦ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ከሆነም በብየዳው አጠገብ እንደገና የመሰንጠቁ ሥጋት የበለጠ ነው።

በእኛ አስተያየት ፍርዱ በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ይሰጥ። መቀመጫው ከልኩ ከወጣ ቤቱ ይለወጥ፤ አብረውትም የዘይት መከላከያ ጎማዎቹና የተጎዱት ኩሽኔታዎች ይለወጡ። የአዲሱም ቤት ትእዛዝ በማሽኑ ተከታታይ ቁጥር ይሰጥ፤ በመልክ የሚመሳሰሉ ቤቶች በልክ ይለያያሉና።

ነጋዴውም ድርሻ አለበት። የሚሸጠው ቤት አዲስ፣ ያገለገለ ወይም የተበየደ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ቀለም ቀብቶ አዲስ ነው ማለት ነው። ገዥ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለሻጩ ቃልም ጭምር ነውና፣ ቃሉን የሚያከብር ነጋዴ ደንበኛው አይርቀውም።