የአየር መለኪያ ሲገዛ

የአሜሪካ ኤምባሲ አዲስ አበባ ላይ ያቆመው የአየር ብክለት መለኪያ ውጤቱን ለዓመታት በየሰዓቱ ለሕዝብ ሲያሳይ ቆይቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በበጀት ምክንያት በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚሰራጨውን መረጃ አቋረጠ። በሰው መሣሪያ የመተማመን ጣጣው ይኸው ነው። ከተማዋ የራሷን ትግዛ ማለት ቀላል ነው፤ የቱን?

ኤምባሲዎቹ የተጠቀሙበት ዓይነት መሣሪያ «ባም» ይባላል። አየሩን በቧንቧ ስቦ በወረቀት ጥቅል ላይ ያሳልፋል፤ ብናኙ ወረቀቱ ላይ ክብ ነጥብ ሠርቶ ይቀራል። ከካርቦን 14 የሚወጣ የቤታ ጨረር በነጥቡ በኩል ሲያልፍ ምን ያህል እንደቀነሰ ታይቶ የብናኙ ክብደት ይታወቃል። አየሩን አስቀድሞ ስለሚያሞቀው የክረምት እርጥበት እምብዛም አያታልለውም። ዋጋው ግን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው።

«ፐርፕል ኤር»ን የመሰሉት ትንንሾቹ መሣሪያዎች በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛሉ። እነዚህ ብናኝ አይመዝኑም፤ በሌዘር አብርተው ከተበተነው ብርሃን ክብደቱን ይገምታሉ። ጭጋግ በሚወርድበት ጠዋት ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ከእውነቱ በላይ ያነባሉ። የግንባታውን ሻካራ አቧራ ደግሞ አብዛኛውን አያዩትም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በሰደድ እሳት ጭስ ካርታው ላይ ሲጠቀምባቸው እርጥበትን ያገናዘበ ማስተካከያ ቀመር ያወጣው ለዚህ ነው። ያ ቀመር የተሠራው ግን በአሜሪካ አየር ነው፤ የማገዶና የአሮጌ ናፍጣ መኪና ጭስ ለተቀላቀለበት የአዲስ አበባ አየር እንዳለ ይሠራል ብሎ መቀበል የዋህነት ነው።

ካምፓላ መንገዱን አሳይታለች። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲው «ኤርኮ» ርካሽ መሣሪያዎችን ለአገሩ ሙቀትና አቧራ እንዲስማሙ አድርጎ ሠራ፤ ንባባቸውንም እዚያው ከተማ ካለ ባም ጋር እያመሳከረ ያስተካክላል። ሚዛን በየጊዜው በሚታመን ድንጋይ እንደሚፈተሽ ማለት ነው።

ማመሳከሪያ የሌላቸው ርካሽ መሣሪያዎች ብቻ ቢሰቀሉ አየሩ መጥፎ መሆኑን ይናገራሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው ዓመታዊ ወሰን በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነውና። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ፤ አየሩ በዚህ ተሻለ ወይስ አልተሻለም? ልዩነቱ ጥቂት ማይክሮግራም ሊሆን ስለሚችል የመሣሪያው ስህተት ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ከተማዋ ቢያንስ አንድ ባም በስሟ ትግዛ፤ ርካሾቹም መንደር ለመንደር ከመሰቀላቸው በፊት አጠገቡ ይቁሙና ይመሳከሩ። የወረቀት ጥቅሉና የቴክኒሻኑ ደመወዝም ከግዢው ጋር አብሮ በጀት ይያዝለት።