ከአንዴስ ማዶ ስለ ተነሣው ምድር

ናዝካ የተባለው የውቅያኖስ ወለል ሰሌዳ፣ እንደ ወትሮው ወደ ዕመቀ ምድር በመውረድ ፈንታ፣ በመካከለኛው አርጀንቲና ሥር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከጠለቀ በኋላ 300 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን አግድም ተዘርግቶ ስለሚጓዝ፣ በላዩ ይነድዱ የነበሩት እሳተ ገሞራዎች ጠፍተው፣ ግፊቱ ግን አንዴስን ተሻግሮ እስከ ኮርዶባ ድረስ ጥንታዊውን የአለት መሠረት እየሰነጠቀ፣ ሲዬራስ ፓምፔያናስ የተባሉትን ተራሮች ከሜዳው መካከል አነሣቸው። የኮርዶባን ተራሮች በምዕራብ በኩል የሚያያቸው ሰው ቀጥ ያለ ገደል፣ በምሥራቅ በኩል የሚወጣቸው ደግሞ ለስላሳ ተዳፋት ያገኛል፤ ለእኔስ ከሥሌት ሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያስረዳው ይኸው ነው። ነገሩም ገና አላበቃም፤ በ1944 እ.ኤ.አ. የሳን ሁዋንን ከተማ ያፈረሰው የምድር መናወጥ የዚሁ ግፊት ውጤት ነበር። በዚህ እትም የሥነ ምድር ሊቃውንት የጻፉትን አቅርበናል፤ ቃላቱ የሚከብዱት አንባቢ ከካርታው ቢጀምር ይሻለዋል።