መኝታ ቤቱ ክፍት፣ መዝገብ ቤቱ ዝግ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። በምንማርበት በእንግሊዝ አገር ግን የንጉሡ ልጅ ራሳቸው ከሳሽ ሆነው ፍርድ ቤት ቆሙ። ልዑል ሃሪ የሚረር ጋዜጦችን አሳታሚ በሕገ ወጥ መንገድ ምስጢራቸውን በመሰለሉ ከሰው በ2023 (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) 140,600 ፓውንድ ተፈረደላቸው። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ይዘው፣ «ጋዜጣ ዘውድን እስከዚህ የሚደፍርበት አገር ምንኛ ነፃ ነው!» ይላሉ። እኛ ግን አንስማማም። አስቀድሞ ድፍረቱ በምን ላይ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

በ1936 የንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛን የፍቅር ጉዳይ የአሜሪካ ጋዜጦች ለወራት ሲጽፉ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች ባለቤቶች ተስማምተው ዝም አሉ። አብዛኛው ሕዝብ ነገሩን የሰማው ንጉሡ ዘውዳቸውን ሊለቁ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነው። በኋላ ደግሞ ዝምታው ወደ አደን ተለወጠ። በ1997 ልዕልት ዳያና ፎቶግራፍ አንሺዎች እየተከታተሏቸው ፓሪስ ላይ በመኪና አደጋ ሞቱ። በ2007 የአንድ ታላቅ የወሬ ጋዜጣ የቤተ መንግሥት ዘጋቢ የቤተ መንግሥት ሠራተኞችን የስልክ መልእክት በመጥለፉ ወኅኒ ወረደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን መዝገብ ቤቱ አልተነካም። በ1993 በተደረገው ስምምነት መሠረት ከንጉሥ ወደ ንጉሥ የሚተላለፍ ሀብት የውርስ ግብር አይከፈልበትም። የልዑል ፊሊፕ ኑዛዜ በ2021 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለ90 ዓመት ታሽጓል። አልጋ ወራሹ ቻርልስ ለሚኒስትሮች የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ለማውጣት ጋርዲያን የተባለው ጋዜጣ እስከ 2015 ድረስ አሥር ዓመት ተሟገተ፤ በመካከሉም ሕጉ ተለውጦ የንጉሡና የአልጋ ወራሹ ደብዳቤ ከእንግዲህ በጠያቂ እንዳይገኝ ተደረገ።

የወሬ ጋዜጣ ለምን በዚህ አይበረታም? ፎቶግራፍ ይሸጣል፣ የሒሳብ መዝገብ አይሸጥም። ቤተ መንግሥቱም መታየት ይፈልጋል፤ ያልታየ ዘውድ ይረሳልና። ስለዚህ ሁለቱ ሲነካከሱ ብናይም እርስ በርስ ይቀላለባሉ። እንዲህ ያለው ጋዜጣ ዘውድን ያዋርዳል እንጂ አይመረምርም።

የአገራችን ጋዜጦች በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሐሜት አይጽፉም ነበር፤ የፊት ገጻቸው የጃንሆይ ጉብኝትና ቸርነት ነበር። በ1973 የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ግን እልቂቱን ለዓለም ያሳየው ከእንግሊዝ የመጣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ፣ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። እንግዲህ ውዳሴውም ሐሜቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ዓይናችንን ከሕዝቡ ኑሮ ነቅለው ባለ ዘውዱ ፊት ላይ ይተክሉታል።

ነገ ብዕር የምትይዙ ወገኖቻችን ሆይ፣ ገዢው ዘውድ ይድፋ ወይም አይድፋ፣ ከማን ጋር እንዳደረ መጠየቁን ለወሬኛ ተዉት። እናንተ ያለው ሀብት ከየት እንደ መጣ፣ በማንስ ስም እንደሚወጣ ጠይቁ።