ሕክምና፦ የመንግሥት ወይስ የግል? የጥያቄው ስሕተት

የሕክምና ነገር በተነሣ ቁጥር የከተማችን ምሁር በሁለት ጎራ ይሰለፋል። አንደኛው ወገን ጤና መብት እንጂ ሸቀጥ አይደለም ይላል፤ ሁለተኛው መንግሥት ሻይ ቤት እንኳ በቅጡ ማስተዳደር እንደማይችል እየጠቀሰ ሆስፒታሎቹን ለባለሀብት እንዲተው ይመክራል። አንዱ ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋመችውን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲያወድስ፣ ሌላው የአሜሪካን ሆስፒታሎች ብቃት ይደረድራል። (አሜሪካ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 17 በመቶ ያህሉን ለጤና እያወጣች ሚሊዮኖች ዜጎቿ ያለ ኢንሹራንስ መኖራቸውን ግን ሳይነግረን ያልፋል።)

የእኛን ሁኔታ ላጤነ ሰው በመንግሥትና በግል መካከል ያለው አጥር እንደሚወራለት ጽኑ አይደለም። ደርግ የግል ሕክምናን አጥብቦ ይዞት ነበር። የ1986 ዓ.ም. የጤና ፖሊሲ በሩን ከፈተለት። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ደግሞ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው እንዲያስቀሩ፣ በግቢያቸውም «ፕራይቬት ዊንግ» የሚባለውን ክፍል እንዲከፍቱ መንገድ ጠረገ።

ይህ ክፍል ሊጤን ይገባዋል። በመደበኛው ሰዓት ስፔሻሊስት ለማግኘት ለወራት የተቀጠረ ታካሚ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ከፍ ያለውን ዋጋ ከከፈለ በዚያው ሕንጻ፣ በዚያው መሣሪያ፣ አንዳንዴም በዚያው ሐኪም እጅ ይታያል። ሐኪሙን የሚኮንን ቢኖር አብሬው አልቆምም፤ ክፍሉ ሲከፈት ከታሰቡት ዓላማዎች አንዱ ባለሙያው በተጨማሪ ገቢ ተደግፎ ከመንግሥት ሆስፒታል እንዳይኮበልል ነውና። ግን ለመሆኑ ይህ ክፍል የመንግሥት ነው ወይስ የግል? ሕንጻው የሕዝብ ነው፤ ወረፋውን የሚወስነው ኪስ ነው። በተገላቢጦሹም፣ በመንግሥት ሆስፒታል አልጋ ይዞ የተኛው ድኻ «መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ»፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ውጭ አሠርታችሁ አምጡ» ይባላል። አስታማሚው ወረቀቱን ይዞ አስፋልቱን ይሻገርና የግል መድኃኒት ቤትና ላቦራቶሪ ደንበኛ ይሆናል። በስም የመንግሥት ታካሚ፣ በሒሳብ የግል ታካሚ ማለት ይህ ነው።

ምጣኔ ሀብታዊው ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት የሕክምና ገበያ እንደ እህል ገበያ እንዳልሆነ አስረድቶ ነበር። ታማሚ መቼ እንደሚታመም አያውቅም፤ ሲታመምም ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ሻጩ ራሱ ነው። ስለዚህ ከባለቤትነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገንዘቡ የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው፤ በጤና ዘመን በጋራ፣ ወይስ በአልጋው አጠገብ ለብቻ?

የሚገርመው፣ ከመታመም በፊት ማዋጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። ዕድር አለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይወጣል። ነገር ግን አብዛኛው ዕድር በሙሉ ኃይሉ የሚነቃው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሰውዬው በሕይወት ሳለ ኩላሊቱ ቢደክም፣ ፎቶግራፉ በመኪና ላይ ተሰቅሎ በድምፅ ማጉያ ይለመንለታል፤ ወንድሙ ዋሽንግተን ካለ ደግሞ ልመናው በጎፈንድሚ ይሆናል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይህን የዕድር ጥበብ ወደ ሕያዋን ያዞረ አሳብ ነው። ሩዋንዳ በዚሁ መንገድ ከሕዝቧ ከ80 በመቶ በላይ የሆነውን አባል አድርጋለች። እኛ ዘንድ ገበሬው ሲዋጣ፣ የደመወዝተኛው ተራ ግን ዘገየ። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሠራተኛውን በመድን ለማቀፍ ወጥቶ፣ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲዋጣ ታስቦ፣ ለዓመታት ሲራዘም ኖረ። ሠራተኛው ማጉረምረሙን ስግብግብነት ያሉት ነበሩ። እኔ ግን የኑሮ ውድነት ከበላው ደመወዙ ላይ ተቆርጦ፣ በምላሹ «ከውጭ ግዙ» እንደሚባል ያወቀ ሰው ስሌት ነው እላለሁ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ ያቆሙት የጤና ባለሙያዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱም የራሳቸው የሕክምና ዋስትና ነበር። አካሚው መታከሚያ አጥቶ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ለብዙዎቹ እስራት ሆነ። በዚህ መሐል ሆስፒታሉ የማን ይሁን እያሉ መሟገት ቅንጦት ነው።

ስለሆነም ከደመወዝ አንድ ሳንቲም ከመቆረጡ አስቀድሞ አንድ ግዴታ በሕግ ይጻፍ፦ አባል የሆነ ታካሚ የታዘዘለትን መድኃኒት በሆስፒታሉ ካላገኘ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ከሚያገኘው መድኃኒት ቤት፣ የከነማም ይሁን የግለሰብ፣ በመድኑ ሒሳብ ይውሰድ። ዕዳውን ከሆስፒታሉ ጋር የሚተሳሰበው መድኑ ይሁን እንጂ አስታማሚው አይሁን።