ሲሮጡ የታጠቁት

የአሜሪቃ ፕሬዚዳንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የሚነሣው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። ዕጩው ማንን ምክትሉ ቢያደርግ ያሸንፋል? የሰሜን ሰው ከሆነ ከደቡብ ይፈልግ፤ ወጣት ከሆነ ሽማግሌ ይጨምር፤ ብዙ ድምፅ ካላት ግዛት የተወለደ ቢያገኝማ ምን ቀረው! እየተባለ እንደ ዕቁብ ገንዘብ ይደመራል፥ ይቀነሳል። የክርክሩን ሙቀት አንጠላውም። ነገር ግን ስሌቱ ስሕተት ነው ብለን ስለምናምን፥ ይኸው ስሌትም በተቃረበው የማኅበራችን ምርጫ እኛው ዘንድ ስለ ገባ፥ ሐሳባችንን በዚህ ገጽ ልንገልጽ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

በስሌቱ የሚያምኑ ጓደኞቻችን ሁሉ የሚቆጥሩት ምስክር የ1960ው ምርጫ ነው። እንደሚታወቀው ጆን ኬኔዲ የማሳቹሴትስ ሰው፥ የ43 ዓመት ጎልማሳ፥ በሃይማኖታቸውም ካቶሊክ ስለ ነበሩ፥ የደቡብ ሕዝብ በጥርጣሬ ይመለከታቸው ነበር። ስለዚህ በሐምሌ ወር ሎስ አንጀለስ ላይ ለዕጩነት ሲወዳደሯቸው የነበሩትን የቴክሳሱን ሊንደን ጆንሰንን ምክትላቸው አደረጉ። ወንድማቸው ሮበርት ኬኔዲ ምርጫውን አልወደዱትም ነበር። ይሁን እንጂ በ1952ና በ1956 ድምፅዋን ለአይዘንሃወር ሰጥታ የነበረችው ቴክሳስ በ46 ሺሕ ያህል ድምፅ ብልጫ ወደ ዴሞክራቶች ተመለሰች። እነሆ፥ ይሉናል ጓደኞቻችን፥ ምክትሉ አገሩን ይዞ መጣ!

እስቲ ቁጥሩን ራሱን እንመርምረው። ኬኔዲ ያገኙት የመራጮች ጉባኤ ድምፅ 303 ነው፤ ኒክሰን 219 አገኙ፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 269 ነበር። የቴክሳስ ድምፅ 24 ነው። ይህ ቢቀነስ ለኬኔዲ 279 ይቀርላቸዋል፤ አሁንም ፕሬዚዳንት ናቸው ማለት ነው። ኢሊኖይም ከነ27 ድምፅዋ አብራ ካልሄደች በቀር ቴክሳስ ብቻዋን ማንንም አትጥልም፤ ማንንም አታነሣም። በእርግጥ ጆንሰን አልጠቀሙም አንልም። በባቡር ተሳፍረው በደቡብ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየወረዱ ሕዝቡን አነጋግረዋል፤ ሁለቱ ካሮላይናዎችና ጆርጂያም ከፓርቲያቸው ጋራ ጸንተዋል። ነገር ግን የጠቀሙት የት እንደ ተወለዱ በካርታ ስለ ተጻፈ አይደለም። በሴኔት የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ ሆነው የቆዩ፥ የደቡቡን ሹም ሁሉ በስሙ የሚያውቁ፥ ማን በምን እንደሚቆጣና በምን እንደሚታረቅ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በዚያው ዓመት በሌላው ወገን የሆነውን ማየት ይበቃል። ኒክሰን የመረጧቸው ምክትል ሄንሪ ካቦት ሎጅ ዝነኛ የማሳቹሴትስ ቤተ ሰብ ልጅ፥ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪቃ አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው። ስሌቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ማሳቹሴትስን ይዘው መምጣት በተገባቸው ነበር። ዳሩ ግን ይህችው ማሳቹሴትስ በ1952 ከሴኔት ወንበራቸው አንሥታ ያን ወንበር የሰጠችው ለማን ይመስላችኋል? ለራሳቸው ለጆን ኬኔዲ ነው! በምርጫው ዘመቻ መካከልም ሎጅ ሐርለም ላይ ቆመው ኒክሰን ቢመረጡ አንድ ጥቁር አሜሪቃዊ ሚኒስትር ይሆናል ብለው ተናገሩ፤ የኒክሰን ወገን ግን ቃሉን አላጸናውም። ስለዚህ በነገሩ የተደሰተው አዘነ፤ የተቆጣውም ቁጣው አልበረደለትም። ኒክሰን ራሳቸውም 50ዎቹን ግዛቶች ሁሉ እጎበኛለሁ ብለው ቃል ገብተው ስለ ነበር፥ ከምርጫው በፊት ባለው መጨረሻ እሑድ 3 ድምፅ ወዳላት ወደ አላስካ በረሩ። ተቀናቃኛቸው ያን ጊዜ ሕዝብ በበዛባቸው ግዛቶች ላይ ያተኩሩ ነበር። ከ68 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት ምርጫ የሁለቱ ልዩነት 120 ሺሕ እንኳ አልሞላም። እንዲህ ባለ ውድድር የአንድ ቀን ጊዜ ከምክትሉ የትውልድ አገር ይልቅ ውድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክም ስሌተኞቹን አይረዳም። በ2004 ጆን ኬሪ የሰሜን ካሮላይናውን ጆን ኤድዋርድስን ያዙ፤ ሰሜን ካሮላይና አልተከተለችም። በ2012 ሚት ሮምኒ የዊስኮንሲኑን ፖል ራያንን መረጡ፤ ዊስኮንሲን ለኦባማ ሰጠች። በ1992 ግን የአርካንሳሱ ክሊንተን ከጎረቤት ከቴኔሲ አል ጎርን፥ እንደ ራሳቸው ወጣትና የደቡብ ሰው የሆነውን፥ ስሌቱን ሁሉ አፍርሰው መርጠው አሸነፉ። ጎር ራሳቸው በ2000 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የገዛ ግዛታቸው ቴኔሲ ከዳቻቸው፤ እንግዲህ ለዋናው ያልሆነ የትውልድ አገር ለምክትሉ እንዴት ይሆናል? በ2024ም ካማላ ሃሪስ የሚኒሶታውን አገረ ገዥ ቲም ዋልዝን ሲመርጡ፥ 19 ድምፅ ያላት የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ ተትተው! ተብሎ ብዙ ተጮኸ። ውጤቱ 312 ለ226 ነበር። በ226 ላይ 19 ቢጨመር 245 ነው፤ የሚያስፈልገው ደግሞ 270። ቀሪውን አንባቢ ያስላው።

ታዲያ ምክትሉ ድምፅ ይዞ የማይመጣ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን ነውን? የለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምንለው። እስከ ዛሬ አሜሪቃን ከመሩት 45 ሰዎች ዘጠኙ ወደ ፕሬዚዳንትነት የገቡት በዋናው ሞት ወይም መልቀቅ ምክንያት ነው። ስምንቱ በሞት፥ አንዱ ጄራልድ ፎርድ በ1974 በኒክሰን መልቀቅ። ከአምስት አንድ መሆኑ ነው። ለአንድ ቀን ምርጫ ተብሎ የተያዘ ሰው ለብዙ ዓመት አገር ይወርሳል።

የዚህ ዋጋ እንደ ሊንከን ምርጫ የትም ግልጽ ሆኖ አልታየም። በ1864 ከሜይን የመጡት ምክትል ሐኒባል ሐምሊን ቀርተው፥ የደቡብ ሰውና ዴሞክራት የሆኑት የቴኔሲው አንድሩ ጆንሰን ተተኩ። ምክንያቱ ሚዛን ለመጠበቅ፥ ከፓርቲው ውጭ ያለውንም ሰው ለመሳብ ነበር። ጆንሰን በመጋቢት 1865 ማሉ፤ ስድስት ሳምንት ሳይቆይ ሊንከን ተገደሉ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ነጻ ለወጡት ባሮች ተሰጥቶ የነበረውን መሬት ለቀድሞ ጌቶቹ አስመለሱ፤ በ1866 የወጣውን የዜግነት መብት ሕግም አልፈርምም ብለው መለሱ፤ ሕጉ የጸናው ምክር ቤቱ ስለ ተሟገተ ነው። በ1868 ተከሰው ከሥልጣን ሳይወርዱ የቀሩት በአንድ ሴናተር ድምፅ ነው። መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ምክትሉ በምርጫው ስንት ድምፅ እንዳመጡ ምን ይጠቅመዋል?

ሃሪ ትሩማንም ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሚያዝያ 1945 ሲሞቱ ምክትል ከሆኑ ገና ሦስት ወር አልሞላቸውም፤ የአቶም ቦምቡንም ምሥጢር በወጉ የተረዱት ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። እኛንም የሚነካ ታሪክ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1963 ዋሽንግተን ሲገቡ የተቀበሏቸው ኬኔዲ ነበሩ። በኅዳር ለቀብር ሲመለሱ በወንበሩ የጠበቋቸው ለደቡብ ድምፅ ተብለው የተመረጡት ጆንሰን ናቸው። የ1964ቱ የዜግነት መብት ሕግም፥ የቬትናም ጦርነት መስፋትም ከእሳቸው እጅ ወጣ። በአገራችንም በ2012 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ምክትላቸው አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ እንደ ተተኩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ምክትል ስም ብቻ ነው የሚል ካለ ይህን ይመልከት።

የችኮላንም ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በ1972 ጆርጅ ማክገቨርን ምክትላቸውን ሴናተር ኢግልተንን በሰዓታት ጥድፊያ መረጡ፤ ሰውየው ቀድሞ ለመንፈስ ጭንቀት በኤሌክትሪክ እንደ ታከሙ ሲሰማ በ18 ቀን ውስጥ ወረዱ። መታከማቸው ነውር አልነበረም፤ ነውሩ ሳይጠይቁ መምረጡ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን ይህን ዓይነቱን ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። በሰሞኑ የማኅበራችን ዘመቻ የሊቀ መንበርነት ዕጩዎች ምክትላቸውን የሚፈልጉት እንዴት እንደ ሆነ ሁላችንም እያየን ነው። ይህ ከሕግ ስለ ሆነ ያኛው ከሕክምና ይሁን፤ ይህ የዚህ አገር ልጅ ስለ ሆነ ያኛው የዚያ አገር ልጅ ይሁን፤ ሴትም አንዲት እንጨምር፥ ለፎቶግራፉ። ተፈላጊው ሰው ግን ስለ መጻሕፍት ቤቱ ሰዓት፥ ስለ ምግብ ቤቱ አቤቱታ፥ ስለ ማኅበሩ ገንዘብ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው የለም። እሱም አልተናገረም። አምና በዚሁ ዓይነት ሚዛን የተመረጠው ምክትል፥ ሊቀ መንበሩ በዓመቱ መካከል ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ፥ የስብሰባ ጥሪ እንኳ ሳያወጣ ዓመቱ አለቀ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በሚመጣው የዕጩዎች ጉባኤ ላይ ምክትሎቹ ከዋናዎቹ ኋላ ተቀምጠው እንዲያጨበጭቡ ብቻ አይደረግ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መድረክ ላይ ይውጡ፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይሰጣቸው፤ ተማሪውም «ሊቀ መንበሩ በመጋቢት ቢሄድ በሚያዝያ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃቸው። መልስ ያጣ ምክትል ያቀረበ ዕጩ፥ እሱ ራሱ የቱን ያህል ቢናገር፥ የእኛን ድምፅ አያገኝም።